«ኤስ ይዤ እንዴት እጥላለሁ?»

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የመጣው ከጎንደር፣ ከአዘዞ ነው። ጸሐፊው ስሜ አይውጣ ስላለ እኔ «አልጥልም ባይ» ብዬዋለሁ። ደብዳቤው ረዘም ይላል፤ ዋናውን ብቻ ላስነብባችሁ።

«እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጥያቄዬ የትዳርም የሥራም አይደለም፤ እንዳይስቁብኝ። አምስት ጓደኛሞች ነን። ቅዳሜ ማታ ፒያሳ አንዳችን ቤት ተሰብስበን ፖከር እንጫወታለን። ብር የለበትም። ቺፕሱ ቀድሞ ያለቀበት ሰው እራት ይጋብዛል። ከአንድ ሰው ጋር ብቻ ስፋጠጥ ጎበዝ ነኝ። ሁሉም ሲገባ ግን ደህና ካርታ ይዤ እሸነፋለሁ። በሁለት ወር ውስጥ አምስት ጊዜ ጋብዣለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ኤስና ዘጠኝ ደረሰኝ። አምስታችንም 10 10 ቺፕስ አስገባን። ፍሎፑ ላይ (የሁላችን ሆነው ጠረጴዛው ላይ መጀመሪያ የሚገለጡት ሦስት ካርታዎች ናቸው) ኤስ፣ ጃክ እና ስድስት ወጣ። ኤሱና ጃኩ ስፔድ ናቸው። የኤስ ጥንድ ያዝኩ ማለት ነው። 40 አስቀመጥኩ፤ ሦስት ሰው ተከተለኝ። ከዚያ አስር ወጣ፤ ስፔድ አይደለም። 100 ጨመርኩ። ከእኔ ቀጥሎ ያለው ተከተለ። ከእሱ ቀጥሎ ያለው ዝምተኛው ጓደኛችን ግን 300 አደረገው። ከእኔ በፊት የተቀመጠው ጣለ። እኔ ኤስ ይዤ እንዴት እጥላለሁ ብዬ 200 ጨምሬ ተከተልኩ። ያኛውም ተከተለ። መጨረሻ ላይ ሦስት ወጣ። ዝምተኛው 400 ገፋ፤ ሁለታችንም ከፈልን። ካርታው ሲገለጥ ዝምተኛው የስፔድ ኪንግና ኩዊን ይዞ ስትሬት፣ ማለትም ተከታታይ አምስት ካርታ፣ ሠርቷል። ሌላው ጃክና አስር፣ ሁለት ጥንድ። እኔ ሦስተኛ ወጣሁ።

ደህና ካርታ መቼ ነው የሚጣለው? ስጥል ደግሞ ፈሪ ይሉኛል። እርስዎ ካርታ ያውቁ እንደሆን አላውቅም፤ ለማንኛውም ብዬ ነው የጻፍኩልዎ።»

ወንድሜ፣ ካርታ አውቃለሁ። ሠላሳ ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ፖከር ያስተማረኝ ታናሽ ወንድሜ ነው። አንድ ዓመት ለጥምቀት ከውጭ አገር መጥቶ ሦስት ሳምንት ከረመ። ማታ ማታ እናታችን ቤት ጠረጴዛ ከበን ተጫወትን። ቺፕስ ስላልነበረን በገብስ ቆሎ ጀመርን። ቆሎው አላዋጣንም፤ ሰዉ ሀብቱን እየቆረጠመ ጨረሰው። በጥሬ ሽምብራ ተካነው። እኔም እንደ አንተ የመጀመሪያውን ሳምንት ሙሉ ሽምብራዬን ሳስረክብ ከረምኩ።

ደብዳቤህን ጃንተከል አካባቢ ባጃጅ እየጠበቅሁ ስልኬ ላይ ሁለቴ አነበብኩት። መጀመሪያ አንድ ቃል ልያዝብህ። «ደህና ካርታ» ብለሃል። እኛ አገር ሰው «እንዴት ነህ?» ሲባል ምን ይላል? «ደህና፣ እግዜር ይመስገን»። ጥርሱን እያመመው ደህና ነው። የቤት ኪራይ አልሞላ ብሎት ደህና ነው። ደህና ማለት ሰላምታ እንጂ መረጃ አይደለም። የአንተም ኤስና ዘጠኝ እንደዚያው ነው። አንድ ሰው ሲጠይቀው እውነትም ደህና ነው። አራት ሰው ሲጠይቀው ግን ለትህትና ያህል ነው ደህና ያለው።

ለምን እንደሆነ በቁጥር ላሳይህ። የሒሳብ አስተማሪ አጋጥሞሃል፤ ቻለው።

አንድ ሰው ጥንድ ያልሆኑ ሁለት ካርታዎች ይዞ ፍሎፕ ሲያይ፣ ቢያንስ አንድ ጥንድ የሚሠራው ከሦስት አንድ ጊዜ ያህል ነው። ስለዚህ ፊትህ ያለው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ፣ ከሦስት ሁለት ጊዜ ባዶ እጁን ነው። ጥንድ ይዘህ ብትገፋ አብዛኛውን ጊዜ ትበላለህ። ለሁለት ስትፋጠጥ ጎበዝ ነኝ ያልከው ከዚህ የመጣ ነው። ጎበዝ አይደለህም ማለቴ አይደለም፤ ግን ቁጥሩም አግዞሃል።

አሁን ተቃዋሚዎችህ አራት ይሁኑ። አራቱም በአንድ ጊዜ ባዶ የሚሆኑበትን ዕድል ለማግኘት ሁለት ሦስተኛን አራት ጊዜ እርስ በርሱ ታባዛለህ። 16 ለ81 ይሆናል። 20 በመቶ ገደማ ነው። ካርታው ሁሉ ከዚያው ከ52ቱ ስለሚወጣ ሒሳቡ ትንሽ ግምት አለበት፤ ለቅዳሜ ማታ ግን ይበቃል። ከአምስት ጊዜ አራቱን ጠረጴዛው ላይ የሆነ ነገር የያዘ ሰው አለ ማለት ነው። አንተ ግን ሁለት ሆናችሁ የምትጫወት ይመስል ያንኑ ካርታ በዚያው ልብ ይዘህ ትገባለህ።

ሌላ ምሳሌ። ሁለት ኪንግ ይዘሃል እንበል። ፍሎፑ ላይ አንድ ኤስ ወጣ። ያላየሃቸው 47 ካርታዎች ናቸው፤ ከነሱ ውስጥ ሦስቱ ኤስ ናቸው። ፊትህ አንድ ሰው ብቻ ካለ ኤስ የመያዙ ዕድል 12.5 በመቶ አካባቢ ነው። አራት ሰው ካለ ግን፣ ከአራቱ ቢያንስ በአንዱ እጅ ኤስ የመኖሩ ዕድል 44 በመቶ ይደርሳል። ይህም ሰዎቹ የደረሳቸውን ሁሉ ይዘው ይገባሉ ብለን ነው። እውነተኛ ሰው ደግሞ ሰባትና ሁለትን ይጥላል፤ ኤስ ካየ ግን አይጥልም። አንተ ራስህ ምስክር ነህ። ስለዚህ ትክክለኛው ቁጥር ከ44 ከፍ ይላል።

ይህን ሰምተህ ደግሞ ሁሉንም ልጣል እንዳትል። ሁለት ኤስ፣ ከሁሉ የሚበልጠው አነሳስ፣ ካርታው እስከ መጨረሻው ቢገለጥ አንድን ሰው 85 በመቶ ጊዜ ያሸንፋል። ሁለት ሰው ሲሆን 73፣ ሦስት ሲሆን 64፣ አራት ሲሆን 56 አካባቢ ይወርዳል። ሰው ይህን ሲሰማ «አየህ፣ ኤስም ዋጋ የለውም» ይላል። ስህተት ነው። ዕቁብ ገብተህ ታውቅ የለም? አምስት ሰው ባለበት ዕቁብ የመጀመሪያው ዕጣ ላንተ የመውጣቱ ዕድል 20 በመቶ ነው። ሁለት ኤስ የያዘ ሰው አምስት ሰው ባለበት 56 በመቶ አለው። ከድርሻው ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። ፖቱም፣ መሃል የተከመረው ቺፕስ፣ በዚያው ልክ ወፍሯል። ቶሎ ቶሎ ይሸነፋል፤ ሲያሸንፍ ግን በደንብ ይበላል። ችግሩ ሁለት ኤስ ላይ አይደለም። ችግሩ አንድ ኤስ ይዞ አጠገቡ ዘጠኝ ያለበት ሰው ላይ ነው። እሱ ሲያሸንፍ ትንሽ ነው የሚያሸንፈው፤ ሲሸነፍ እንደ አንተ 750 ቺፕስ ነው። አስብበት፦ ሰው ሁሉ ባዶ ከሆነ 40 ስታስቀምጥ ይጥሉልሃል፤ 50 ትበላለህ። እስከ መጨረሻው 400 ድረስ የሚከተልህ ሰው ግን ምን ይዞ ይመስልሃል? ጃክና አራት?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ካርታህን ማየት ትተህ ሰው እይ።

ለፋሲካ ዋዜማ ቅዳሜ ገበያ ሄደህ ዶሮ ገዝተህ ታውቃለህ? አንድ አውራ ዶሮ ፊት ብቻህን ከቆምክ የፈለግከውን ታወራለህ። ሻጩ ይጠራል፣ አንተ ትቀንሳለህ። ዶሮውን ሳትወድደውም ዋጋ ትሰጣለህ፤ የሚጎዳህ ነገር የለም። አምስት ሰው ከቦት ሳለ ግን አንዲት እናት ዝም ብለው ቆይተው፣ ሌሎቹ አራቱም እንደሚፈልጉት እያዩ፣ «መቶ ብር ጨምሬያለሁ» ካሉ፣ እኚያ ሴት ዶሮውን በእጃቸው አንስተው መዝነውታል። ሥጋውን ዳብሰዋል። ዝም ብሎ የሚጨምር ሰው በሕዝብ ፊት አይጨምርም።

ዝምተኛው ጓደኛህ እኚያ እናት ነው። ያደረገውን በቀስታ እየው። ፊቱ ሦስት ሰው አለ። አንተ ፍሎፕ ላይም ተርን (አራተኛው ካርታ) ላይም ገፍተሃል፤ የሆነ ነገር እንዳለህ ነግረኸዋል። ሁለተኛው ሁለቴ ተከትሏል፤ እሱም ዝም ብሎ አልመጣም። ይህን ሁሉ እያየ 100 መክፈል ሲችል 300 አደረገው። ብለፍ ነው፣ ባዶ እጁን እያስፈራራ ነው እንዳትለኝ። እያንዳንዱ ሰው ከአስር ስድስት ጊዜ ይጥላል እንኳ ብንል፣ ሦስቱም አብረው የሚጥሉት 0.6ን ሦስት ጊዜ ስታባዛ ነው። 22 በመቶ አይሞላም። ሦስት ሰው ላይ የሚዋሽ ሰው ከአምስት አራቴ ይያዛል። ዝምተኛ ሰው ደግሞ መያዝ አይወድም።

ስለዚህ በእኔ ግምት መጣል የነበረብህ እዚያ ላይ ነው። 300 ሲባል። ኤስህን ይዘህ፣ ሳትቆጭ። እስከዚያ የወጣብህ 150 ነበር። ከዚያ በኋላ 600 ጨመርክበት።

ምን ብለህ እንዳሰብክ ይገባኛል። ፖቱ ላይ 710 ተከምሯል፤ የሚጠየቀው 200 ነው። ርካሽ ይመስላል። ሒሳቡም ርካሽ ነው ይላል፦ 200ን ለ910 ስታካፍለው 22 በመቶ ነው። ከአምስት አንድ ጊዜ ትንሽ በለጥ ብለህ ካሸነፍክ ኪሳራ የለህም። ብዙ ሰው የገባበት ፖት የሚያታልለው እዚህ ላይ ነው። ሁልጊዜ ወፍራም ስለሆነ ሁልጊዜ ርካሽ ይመስላል። ግን 22 በመቶውን ከየት ታመጣዋለህ? ካርታህን ሊያሻሽሉልህ የሚችሉት ሁለት ኤስ፣ ሦስት ዘጠኝና ሦስት ስድስት ናቸው፤ 8 ካርታ ከ46። 18 በመቶ አይሞላም። እሱም ቢመጣ የሚጠቅምህ ጃክና አስር የያዘውን ለመብለጥ ነው። ስትሬቱን አይነካውም። ሦስት ኤስ ብታደርግም፣ ሁለት ጥንድ ብታደርግም ስትሬት ይበልጥሃል። በዚያች ደቂቃ ከ46ቱ ካርታ ውስጥ አንተን የሚያድን አንድም አልነበረም። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው።

በእርግጥ ስትሬት መያዙን አታውቅም ነበር። ማወቅም አያስፈልግህም ነበር። ኤስ፣ ጃክ፣ አስርና ስድስት በተዘረጋበት ጠረጴዛ ላይ 300 ሊያደርስ የሚችለውን ቁጠር። ኤስና ጃክ። ኤስና አስር። ጃክና አስር። ሁለት ስድስት ይዞ ሦስተኛውን ያገኘ። ኪንግና ኩዊን። ፈሪው እንኳ ኤስና ኪንግ ይኖረዋል፤ ዘጠኝህን ይበልጣል። አንተ የምትበልጠው ማንን ነው? ይህን ጥያቄ በሁለት ሰከንድ ውስጥ መመለስ ካቃተህ እጅህን ከቺፕሱ ላይ አንሳ።

ሌላም ነገር አለ፤ መሃል ነበርክ። 200 ስትከፍል ከኋላህ ገና ያልተናገረ ሰው ተቀምጧል። እሱ ደግሞ ቢጨምርስ? ለሁለት ስትጫወት ከፍለህ ካርታውን ታያለህ፤ አለቀ። ሦስትና አራት ስትሆኑ ግን የከፈልከው የመግቢያ ብቻ ሊሆን ይችላል። በሁለት እሳት መሃል ሲሆኑ ደህና ካርታ መጣል አለበት፤ በጣም ጥሩ ካርታ ብቻ ነው የሚቀመጠው። የመጨረሻው ተናጋሪ ስትሆን ሌላ ነው። ሁሉም ምንም ሳያስቀምጥ «ቼክ» ብሎ ካለፈ አንተም እለፍ፤ ነጻ ካርታ ነው። 200 ባለበት ፖት ላይ አንዱ 20 ቢያስቀምጥና ከኋላህ ማንም ከሌለ፣ በጥንድህ ብትከተል አልቆጣህም።

የመጨረሻዋ 400ስ? እሷ ላይ ብዙ አልልም። ስሟ አማርኛ ላይ አለ፤ ካፈርኩ አይመልሰኝ ትባላለች። ሦስት አይተህ ምንም ያልተለወጠ ካርታ ይዘህ 400 የከፈልከው ለካርታው አይደለም። ቀድሞ ለከፈልከው 350 ስትል ነው። እሱ ደግሞ ያንተ መሆኑ ቀርቷል። የፖቱ ሆኗል።

ወደ ኋላ ልመለስ፤ ሳይቃጠል በቅጠል የሚሠራም ነገር አለ። ፍሎፕ ላይ 40 ማስቀመጥህ ጥሩ ነው፤ አልነቅፍህም። ሦስት ሰው ሲከተልህ ግን ጥሩምባ ተነፍቷል። አንዱ የተሻለ ኤስ አለው፣ ወይም ሁለት ስፔድ ይዞ ሦስተኛውን ይጠብቃል፣ ወይም ስትሬት ያሳድዳል። ተርን ላይ አስሩ ሲወጣ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ኤስ፣ ጃክና አስር አንድ ላይ ተቀመጡ። ሰው ሁሉ የሚይዘው ትልልቅ ካርታ ነው፤ ለእነሱ የተሠራ ጠረጴዛ ነው። እዚያ ላይ «ቼክ» ብለህ ብታልፍ 100ህ ይተርፍ ነበር። ዝምተኛውም ሐሳቡን ቶሎ ይነግርህ ነበር።

በነገራችን ላይ ያ ልጅ ፍሎፕ ላይ 40 ሲከፍል ዕብደት እንዳይመስልህ። የስፔድ ኪንግና ኩዊን ይዞ፣ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ስፔድ አሉ። ያልወጡት 9 ስፔዶች ፍላሽ፣ ማለትም አንድ ዓይነት ምልክት ያላቸው አምስት ካርታዎች፣ ይሠሩለታል። ስፔድ ያልሆኑት ሦስቱ አስሮች ስትሬት ይሠሩለታል። 12 ካርታ ከ47፤ 25.5 በመቶ። ፖቱ ደግሞ 130 ደርሷል፤ 40 ከፍሎ ለመግባት የሚያስፈልገው 23.5 በመቶ ገደማ ነው። የሚቀጥለውን አንድ ካርታ ብቻ ቆጥሮ እንኳ ያዋጣዋል። የወጣው አስር ስፔድ ቢሆን ኖሮ ማንም የማይበልጠው ሮያል ፍላሽ ነበር፤ እራቱን እሱ ራሱ ይጋብዛችሁ ነበር መሰለኝ።

ብዙ ሰው ሲገባ የሚያምር ካርታ ይኸው እንዲህ ያለው ነው። አሁን ጥንድ ባይሆንም ሲመጣ ትልቅ የሚሆን። ትንንሽ ጥንዶችም እንዲሁ። ሁለት አምስት ይዘህ በርካሽ ግባ። ፍሎፕ ላይ ሦስተኛው አምስት የሚመጣው ከስምንት ወይም ከዘጠኝ አንድ ጊዜ ነው፤ 12 በመቶ አካባቢ። ካልመጣ ትጥላለህ፤ ልብህም አይሰበርም። ከመጣ አራት ሰው ከፋይ አለህ። ዝቅተኛ ፍላሽ ግን ተጠንቀቀው። ስድስትና አራት ስፔድ ይዘህ ሦስተኛው ስፔድ ሲመጣ ደስ ይልሃል። አምስት ሰው ባለበት ሌላው ሰው የስፔድ ኪንግን የያዘ ዕለት ግን ደስታህ ነው የሚያስከፍልህ። እኔ በዚህ ምክንያት አንድ ማታ ሁለት ብርጭቆ ሽምብራ አስረክቤያለሁ።

የአንተ ኤስና ዘጠኝ ከሁለቱም ወገን አይደለም። ጥንድ ይሠራል፤ ከዚያ በላይ ብዙ አይሄድም። ለሁለት ጥሩ፣ ለአምስት ችግር።

ደብዳቤህ መጨረሻ ላይ ስልክ ላይ በነጻ ቺፕስ እንደምትለማመድ ጽፈሃል፤ ቆርጬው ነው። እዚያ የተማርከው ካርታ መጣልን ነው ብዬ አላምንም። ነጻ ቺፕስ ያለው ሰው አይጥልም፤ ቢያልቅበት ነገ ይሰጡታል። ሁሉም በሁሉም ካርታ ይገባል። ደንቡን ለመልመድ ጥሩ ነው፤ ሰው ለማንበብ ግን አይሆንም። የእራት ሒሳብ የሚከፍል ሰው ሌላ ሰው ነው።

እዚያው ላይ «ከሚቀጥለው ወር 500 500 ብር እናድርገው እየተባለ ነው» ብለሃል። የእኔ መልስ አጭር ነው፤ አይሆንም። ከሁለት ወር አምስት ጊዜ የጋበዘ ሰው ይህን ሐሳብ መደገፍ የለበትም። ካፈርኩ አይመልሰኝ በቺፕስ ሲሆን ጥብስ ያስጋብዛል። በብር ሲሆን የማን ቤት እንደሚጎዳ አንተም ታውቃለህ።

ስለ ፈሪነቱ። እኛ በፉከራና በቀረርቶ ያደግን ሰዎች ነን። መሸሽ ነውር ነው፤ እጅ መስጠት ነውር ነው። አውቃለሁ። ግን አልጥልም ማለት የሚያምረው ለመቅደላ ነው። ለኤስና ዘጠኝ አያምርም። ጓደኞችህ «ፈሪ» የሚሉህ ደግሞ ለምን ይመስልሃል? ስትጥል እራት የሚጋብዛቸው ሰው ይጠፋል። እኔ አንተን ብሆን «ፈሪ» በተባልኩ ቁጥር ሰዓቴን አይቼ «እራት ስንት ሰዓት ነው? ዛሬ ማን ነው የሚጋብዘን?» እላለሁ።

ስትጥልም አታሳይ። «ኤስ ነበረኝ እኮ» ብለህ ካርታህን አትገልብጥ። ይህ ክፉ ልማድ ነው፤ የእኔም ነበር። ካሳየህ ጠንከር ብሎ የገፋህ ሁሉ ኤስ እንደሚያስጥልህ ይማራል።

ጥለህ የምትሳሳትበት ቀንም ይመጣል። ይህን ካልነገርኩህ ዋሽቼሃለሁ። ከወንድሜ፣ ከእህቴና ከሁለት የእህቴ ልጆች ጋር ስንጫወት አንድ ማታ ሁለት ኪንግ ደረሰኝ። ፍሎፑ ላይ ኤስ ወጣ። ወንድሜ አራት ሰው ፊት ትልቅ ቁልል ሽምብራ ገፋ። አሰብኩ፣ 44 በመቶውን ቆጠርኩ፣ ጣልኩ። ሁሉም ጣሉ። ወንድሜ እየሳቀ ካርታውን ገለጠ፤ ዘጠኝና ስምንት። ምንም። እህቴ እስከ ዛሬ ታስቀኛለች። ነገ ያው ኪንግ ቢደርሰኝ፣ ያው ኤስ ቢወጣ፣ ያው ሰው አራት ሰው ፊት ቢገፋ፣ አሁንም እጥላለሁ። እሱ አንድ ጊዜ አታለለኝ፤ የቀረውን ጊዜ ግን ኤስ ነበረው። በእርግጥ ጓደኞችህ መሃል በየእጁ የሚገፋ ወሬኛ ካለ ሒሳቡ ይቀየራል። እሱን ተከተለው። ዝምተኛውን አትከተለው።

አስተማሪ ነበርኩና የቤት ሥራ ሳልሰጥህ አልሸኝህም። የሚቀጥሉትን አራት ቅዳሜዎች ስልክህ ላይ ማስታወሻ ያዝ። ሦስትና ከዚያ በላይ ሰው በገባበት ፖት ላይ አንድ ጥንድ ብቻ ይዘህ ሰው በጨመረብህ ቁጥር ጻፍ፦ ጣልኩ ወይስ ተከተልኩ፣ ስንት ቺፕስ፣ በመጨረሻ ማን ምን ይዞ ተገኘ። የጣልካቸውንም ጻፍ፤ ሌሎቹ ካሳዩ ትበልጥ እንደነበር ታያለህ። ከአራት ቅዳሜ በኋላ ላክልኝ፤ አብረን እንደምረዋለን። እርማቱ በቀይ እስክሪብቶ ነው።

ለዚያ ዝምተኛ ጓደኛህም ሰላምታዬን አድርስልኝ። ኪንግና ኩዊኑን በደንብ ነው የተጫወተው። ለገና ወንድሜ ይመጣል፤ ዝምተኛው ጊዜ ካለው ሽምብራ ተቀቅሎ ሳያልቅ ብቅ ይበልልን።